ሟች የጠፋበት ለቅሶ

በወሎ አውራ ጎዳና ዳር፣ የሟችን ሥራ እየጠራች ስታለቅስ ድንጋይ ታስለቅሳለች የሚሏት አንዲት ምላሰኛ አልቃሽ ነበረች።

አንድ ቀን ከጎረቤቶቿ ጋር ሰፌዷን መንገድ ዳር ዘርግታ ስትሸጥ፣ የቱሪስት ጉዳይ ሹሙ አቶ ገብረየስ ሁለት መኪና ሙሉ ፈረንጅ አስከትሎ ከች አለ።

«እማማ፣ ተነሺ። እንግዶቹ የአገሩን ለቅሶ ማየት ይፈልጋሉ፤ ደረትሽን እየደቃሽ ትንሽ አልቅሺላቸው» አላት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ባህል ለማሳየት ነው።»

«ሰው ሳይሞት ማልቀስ ሟርት ነው፤ አላደርገውም።»

ሹሙ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ መኪና እዚህ አይቆምም። ሰፌዳችሁን ለማን እንደምትሸጡ እናያለን» አለ።

ጎረቤቶቿ ዓይን ዓይኗን አዩ። እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «እሺ፣ አለቅሳለሁ። ግን ለቅሶ ያለ ሟች ወግ የለውምና እዚህ ሰሌን ላይ ጋደም ይበሉልኝ» አለችው።

ነገሩ ሲተረጎምላቸው ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ሹሙም እምቢ ለማለት አፍሮ ከነከረባቱ ተጋደመ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ራስጌው ቆመች፤ ካሜራው ሁሉ ተደቀነ። ድምፅ ግን የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ከተኛበት።

«ለአገሩ የሠሩትን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እሱን እየጠራሁ ነው የማለቅሰው።»

ሹሙ ከረባቱን ማስተካከል ጀመረ። ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ፣ «እናንተስ አንዲት ታውቁለታላችሁ?» አለች። እነሱም መሬት መሬት አዩ።

ይኼኔ ነጠላዋን አቃንታ ለበሰችና፣ «ይነሡ ጌታዬ፤ እርስዎ ለመሞትም ገና ሥራ ይቀርዎታል። መኪናዎቹን እዚሁ በማስቆም ይጀምሩ፤ ቀንዎ ሲደርስ እሱን እየጠራሁ አለቅስልዎታለሁ» አለችው።