ለእትዬ በለጥሻቸው እግር የታተመው ላስቲክ

በአንድ ወቅት፣ በጣም ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እትዬ በለጥሻቸው የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ፌስታልና ካኔቴራ ላይ በእጅ የሚያትሙ ሰው ነበሩና ሲሞቱ ማተሚያ ቤቱን ለእሳቸውና ለሦስት ልጆቻቸው ትተው ሄዱ። እትዬ በለጥሻቸው ሳቂታ ናቸው፣ ተረበኛም ናቸው። ስኳር ግን ያዛቸውና ቀስ በቀስ እግራቸውን አደነዘዘው።

የድሬን ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ። አንድ ቀን ቀትር ላይ በባዶ እግራቸው ግቢ ውስጥ የወደቀ ቆርቆሮ ላይ ቆመው ከጎረቤት ጋር ወሬ ያዙ። ወሬው ጣፈጠ። ወደ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ትርሲት “እማዬ፣ እግርሽ!” ብላ ጮኸች። ውስጥ እግራቸው ተልጦ ነበር፤ እሳቸው እቴ፣ ምንም አልተሰማቸውም። ቁስሉ ስንት አሰቃይቷቸው ሲድን ሐኪሙ “እማማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቁስል ከመጣ እግርዎን ማትረፍ አንችልም” አላቸው። የዚያን ዕለት እትዬ በለጥሻቸው አልቀለዱም። ፈሩ።

የበኩር ልጃቸው ገዛኸኝ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። የእናቱ ፍርሃት አንጀቱን በላውና “ቀለም እሠራለሁ” ብሎ ተነሳ። ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ውህዶች የሚሠራ፣ ስስ ላስቲክ ላይ ሲታተም እንደ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቀለም። ላስቲኩ እንደ ልብ ስለሚተጣጠፍ ጫማ ውስጥ ይነጠፋል፤ የሚያቃጥል ሙቀት ሲነካው፣ በሽቦ የተያያዘችው ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረች ትንሽ መሣሪያ ትጮሃለች። ገዛኸኝ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳ የለ፣ እረፍት የለ፣ ቅመማ ብቻ። ሚስቱ “ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ቀለሙን?” እስክትለው ድረስ። ስንቱን አበላሽቶ በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ ወጣለት።

ቀለም ብቻውን ግን ምን ይሠራል? ላስቲክ ላይ ማተም የትርሲት ሥራ ነው፤ የአባቷን እጅ የወረሰችው እሷ ናት። መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ሁለቱ ከተነካኩ አለቀ። ለሙከራም ለመለዋወጫም እንዲሆን ብላ ብዙ አድርጋ አተመች፣ አሳምራም አተመች። ከዚያ ያው እንደ ቤቱ ልማድ ላስቲኮቹን ግቢ ገመድ ላይ ፀሐይ አሰጣቻቸው። ፌስታል እንዲህ ነዋ የሚደርቀው! ገዛኸኝ ሲመጣ ራሱን ያዘ።

“ምን አደረግሽ? ይሄን ቀለም ፀሐይ ይገድለዋል እኮ!”

“ታዲያ መቼ ነገርከኝ?”

“ይሄም ይነገራል?”

“አቦ፣ አስተማሪ አይደለህ እንዴ!”

ሁሉም ላስቲክ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ቀለም ቀርታ ነበር፤ ለሌላ ሰው እጅ የማትበቃ። ትርሲት እንባዋን ጠርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀለሙን ማተሚያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጎተተች። አንድ ላስቲክ ወጣ። አንድም መስመር አልተቆረጠም።

አሁንም ማድረቁ ቀረ። ቀለሙ የሚፈልገው ጨለማና ለብ ያለ ሙቀት ነው፤ ቶሎ ካልደረቀ ይበላሻል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን የማተሚያ ቤቱን ማድረቂያ ሳጥን አስነሱ፤ መብራት እልም! ወንድምና እህት “በአንተ ነው”፣ “በአንቺ ነው” መባባል ጀመሩ።

ሦስተኛው ልጅ አቤኔዘር የቀለም ሽታ ራሴን ያመኛል ብሎ ከማተሚያ ቤቱ የወጣ ዶሮ አርቢ ነው። ማንንም ሳያስፈቅድ ላስቲኩን ብድግ አድርጎ ወደ ጫጩቶቹ ሳጥን ሄደ። መብራት ሲጠፋ በብርድ ልብስ ሸፍኖ በፍል ውኃ ጠርሙስ የሚያሞቀው ሳጥን ነው። ጫጩቶቹን ዝርግፍ አድርጎ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጣቸውና ላስቲኩን በእነሱ ቦታ አስገባ።

“አንተ! በስተርጅና ዶሮ ልታሳቅፈኝ ነው?” አሉ እትዬ በለጥሻቸው።

“እማዬ፣ ትንሽ ያዥልኝ፤ ላንቺው ነው።”

ላስቲኩ እስኪደርቅ ውኃ እየለወጠ ከሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። ደካማ ደካማዎቹ ጫጩቶች ግን ብርዱን አልቻሉም፤ ሞቱበት። አቤኔዘር አመመው።

እትዬ በለጥሻቸው ላስቲኩን ነጠላ ጫማቸው ላይ ለጥፈው መሄድ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ከልብስ መተኮሻ የወደቀ ፍም ረገጡ። እግራቸው ዝም አለ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለችው ግን ጮኸች። እግራቸውን አንስተው ቢያዩ ጫማው ቀልጦ ይጨሳል፣ ቆዳቸው ደህና ነው። እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ደስ ብሏቸው ነው።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ “ለሌሎቹም በሽተኞቼ አትሙልኝ” አለ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ማተሚያ ቤት ደንብ እያንዳንዱ ሥራ ጠርዙ ላይ የአንድ ሰው ስም ይታተምበታል። ሥራው የእሱ ነው፤ ቢመሰገንም እሱ፣ ቢበላሽም ተጠያቂው እሱ። ሁለት ስም አይገባም። የማን ስም እንደሚገባ የሚወስኑት ደግሞ እናት ናቸው።

ገዛኸኝ “ያለ እኔ ቀለም ምን ሊያትሙ፣ ምን ሊያደርቁ ነበር?” አለ።

ትርሲት “ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ቀለም እግር አያድንም” አለች።

አቤኔዘርም “እናንተ ስትጨቃጨቁ ላስቲኩን ማን አተረፈው?” አለ።

እትዬ በለጥሻቸው አንዱን ያዩና ሌላው ያሳዝናቸዋል። ገዛኸኝ ከምንም ተነስቶ ፈጠረ፤ ግን መናገር የነበረበትን አልተናገረም። ትርሲት ማንም የማይችለውን አተመች፤ ግን ቀለሙን የጨረሰችውም እሷ ናት። አቤኔዘር የራሱን ጫጩቶች አጥቶ አተረፈ፤ ግን ነገ አንዱ ላስቲክ ቢበላሽ ስለ ኅትመት ምን ብሎ ይመልሳል?

“ሦስታችሁንም በአንድ ሆድ ተሸክሜ፣ አሁን አንዱን ለዪ ትሉኛላችሁ!” አሉ። ሊቀልዱ ፈልገው ነበር፤ ቀልዱ ግን አልወጣላቸውም። ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው መልሳቸውን ይጠብቃሉ።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር? ይህን እግር ያተረፈው ማን ነው? ጠርዙ ላይስ የማን ስም ይታተም?