የእንጉዳይ አጎዛ

ድሮ ነው። በጣም ድሮ፤ አያቴ እንኳ ያልተወለደችበት ጊዜ ነው። አዎ፣ እንዲህ የሚባል ጊዜ ነበር፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ። ያቋረጠኝ ሰው ታሪኩን ራሱ ይጨርሰዋል።

ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። አትሳቁ፣ ስሟ ነው። ባሏ ሞቶባታል። ልጅ የላትም። ያላት የሚካኤል ማኅበር ነበር። ባሏን የቀበረላት ማኅበሩ ነው። መሬቷን የሚያርስላት ማኅበሩ ነው። ስትታመም የሚጠይቃት ማኅበሩ ነው። እሷ ደግሞ ማኅበርተኛው በተሰበሰበ ቁጥር በሩ አጠገብ ቁጢጥ ትልና ጠላ የተጠጣበትን ሽክና ታጥባለች። ማንም እጠቢ አላላትም። ታጥባለች በቃ።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ሞተ። ቦታውን ሁለት ሰዎች ፈለጉት። ደግነቱ ከብት የበዛለት ነው። ሽባባው ዳዊት የሚደግም፣ አፉ ማር የሆነ ነው። አንዱ ዳቦ ሲያመጣ ሌላው ከዚያ የሚበልጥ ዳቦ ያመጣል። አንዱ ሲጸልይ ሌላው ያስረዝማል። ቅዱስ ሚካኤል ይቅር ይበለኝና፣ እሱም ሳይሰለቸው አልቀረም። ኋላ ገሚሱ ለደግነቱ፣ ገሚሱ ለሽባባው ሆነና ማኅበሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደረሰ።

የመንደሩ ሴቶች የእንጉዳይን ቃል ይሰማሉ። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

መጀመሪያ ደግነቱ መጣ። ሴቶቹን ወደ እኔ መልሺልኝ አላት። ስሾም ከጎኔ አስቀምጥሻለሁ፣ ሽክና ማጠብ ይቀርልሻል አላት።

«ታዲያ ሽክናውን ማን ያጥበዋል፣ አያ ደግነቱ?» አለችው።

ደግነቱ አሰበ። በሬ ጠፍቶብኛል ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ሽባባው መጣ። እሱ በዚያ በለሰለሰ አፉ አስፈራራት። ማኅበሩ ሲሰነጠቅ ከእኔ ጋር ያልሆነች ሴት መሬቷን ማን ያርስላታል፣ ስትሞትስ ማን ይቀብራታል አላት። ይቺ ቃል አንጀቷ ገባች። እንባዋ መጣ። ቢሆንም መለሰችለት።

«ስሞት አላየውም፣ አያ ሽባባው። እስከዚያው ሽክናውን ማን ያጥበዋል?»

ሦስተኛው ፈተና ግን ከሁሉም ባሰ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ዳቦው ሳይቆረስ ክርክሩ ተጀመረ፣ አላልቅም አለ። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት ደከማቸው።

«እንጉዳይ፣ ልጄ፣ አንቺው ሙሴ ሁኚና ገላግዪን» አሉ።

ቤቱ ሁሉ እሺ አለ። ሁለቱ ባላጋራዎችም፣ ያኛው ከሚሾም ብለው፣ እሺ አሉ።

እንጉዳይም ሰው ናት፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ። የሙሴው መቀመጫ ከላይ መደቡ ላይ የተነጠፈ አጎዛ ነው። ነጭ፣ ጠጉሩ የጠገበ። እሱ ላይ ብትቀመጥ ከእንግዲህ ማን ይቀብርሻል ብሎ የሚያስፈራራት አይኖርም። ወጣችና በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። በሩ አይታይም። ምሰሶው ጋርዶታል። ከጠዋት ጀምሮ ደጅ የቆሙት ነዳያን ከዚያ ላይ ሆኖ አይታዩም። እሷ ከታች ሁልጊዜ ስለምታያቸው፣ ይህን እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር።

አጎዛውን ጠቅልላ አነሳችው። ሰዉ ልትቀመጥ ነው ብሎ ሲጠብቅ ተሸክማው ወረደች። ከበሩ አጠገብ፣ ከሽክናዎቿ ጎን አነጠፈችው።

«ሙሴ የሚቀመጠው እዚህ ነው» አለች። «እዚህ ሆኖ ይቆርሳል። መጀመሪያ ደጅ የቆመው ይበላል፣ እሱ መጨረሻ ይበላል። አሁን የፈለገ ይምጣ።»

ተንኮሏን አያችሁልኝ? ደግነቱና ሽባባው ባንድ ጊዜ ትሑት ሆኑ።

«አያ ደግነቱ፣ ታላቄ አይደለህ፣ ቅደም» አለ ሽባባው።

«ኧረ አንተ ዳዊት ደጋሚው እያለህ እኔ ማን ነኝና» አለ ደግነቱ።

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። የአባ ጢም እንኳ ተንቀጠቀጠ።

ሳቁ ጋብ ሲል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከደጅ ድምፁን አሰማ።

«ዳቦው አልቋል እንዴ? ልሂድ?»

ደግነቱ ተነስቶ መጣና አጎዛው ላይ ቁጭ አለ። ዳቦውን ቆረሰ። የሽማግሌውን እጅ ፈልጎ አስያዘው። ሽባባው መሀል ቤት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ኋላ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቁጢጥ አለ፣ ሽክና ማጠብ ጀመረ። እንጉዳይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። አንዱን ሽክና ሰብሯል ይላሉ። ማኅበሩ ግን አልተሰበረም።

እንጉዳይን የቀበራት ያው ማኅበር ነው። ቃሬዛዋን ደግነቱና ሽባባው ያዙ፤ ከፊት ማን ይሁን ብለው አልተጣሉም።

እስከ ዛሬ በወይራ አፋፍ የሙሴው አጎዛ የሚነጠፈው በር ላይ ነው። አዲስ ሙሴ ሲሾም እንኳን ደስ አለህ የሚለው የለም። «እንጉዳይ ታግዝህ» ነው የሚሉት። ምርቃት ይሁን ፌዝ እስካሁን አልተለየም። እሱም ሳቅ ይልና ሄዶ ይቀመጣል። ቦታው ይበርዳል፣ ነፋሱ በቀጥታ ይገባል። ግን ደጅ ማን እንደቆመ ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱ ነው።