አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች ጊዜ

በአንድ ወቅት ነው። የትኛው ወቅት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የሰዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም ገበያ ላይ ስለሚያገኙኝ ዘመኑን ለራሴ ይዤዋለሁ። ዋንዛ በር በሚባል አገር ደምሰው፣ ይመኑና ባዬ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። አንጓች የምትባል አንዲት እህት አለቻቸው፤ የባዬ ታላቅ፣ የሁለቱ ታናሽ ናት። ከጥቁሪት ወንዝ ማዶ ላለው ለጫኔ ተድራ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንጓች ብቻዋን፣ በእግሯ፣ ወንዙን ተሻግራ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነውና ያዩዋት ሴቶች ሙሾ ሊያወርዱ ተሰናድተው «ማን ሞተብሽ?» ቢሏት መልስ የለም። ጫኔ ደህና ነው። አማቷም ደህና ናቸው። ልጇ ብርቄ ትናንት ውሃ ስትቀዳ ታይታለች። ማንም አልሞተም። አንጓች ሟች እናታቸው ይኖሩበት የነበረውን ባዶ ጎጆ ከፍታ ምሰሶው ስር ተቀመጠች፤ ትንፍሽ አላለችም።

አገሩ መጠርጠር ጀመረ። ሰው ሌላው የሚያለቅስበትን ምክንያት ካላወቀ ራሱ ይፈጥራል። አንዱ «ወዳጅ ይዛ ባሏ ደርሶባት ነው» አለ። ሌላው «መተት አሠርተውባት ነው» አለ። እኔም በቦታው ብኖር አንድ ነገር ሳልጨምር የምቀር አይመስለኝም።

በማግስቱ ጫኔ በበቅሎ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሽማግሌ ሲያይ ከበቅሎው የሚወርድ ሰው ነው። «ሚስቴን እወዳታለሁ። ምን እንዳስከፋት ግን አላውቅም» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ እኔ መጀመሪያ ኪሴን ነው የምዳብሰው።

ሽማግሌዎቹ መከሩና «የፊታችን እሁድ አውድማው ላይ እንሰበሰባለን። አንጓች ከባሏ ቤት የወጣችበትን ምክንያት ትናገር። ከተናገረች ታይቶ ይፈረዳል፤ ካልተናገረች ከባሏ ጋር ትመለሳለች» አሉ። የአገሩ ልማድ ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ እሱን ልብ በሉልኝ። ባሏን የፈታች ሴት ከወንድሞቿ አንዱ ቤት ትጠጋለች፤ ከአባቷ የደረሳትን መሬት የሚያርሰውም ያ ያስጠጋት ወንድም ነው። የአንጓች ድርሻ ደግሞ ወንዝ ዳር ያለው፣ በበጋም እርጥበት የማይለየው ጥቁር አፈር ነው። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ስለ ሦስቱ ወንድሞች ደግነት ሳወራችሁ ያን መሬት አትርሱት።

መጀመሪያ ወደ ጎጆው የገባው ታላቁ ደምሰው ነው። አንድም ነገር አልጠየቃትም። ገመድ ሊገምድ ቃጫውን ይዞ ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ነገር ለመቃረም የሚመጡ ጎረቤቶችን ከደጅ ይመልሳቸዋል። ስታለቅስ «አይዞሽ» አይላትም፤ እጁን ከቃጫው ላይ አንስቶ ይጠብቃታል። ስትጨርስ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንጓች «ጋሼ» አለች።

«አለሁ» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ማተብህን ይዘህ ማልልኝ። ለማንም አትነግርም።»

ማተቡን ይዞ ማለላት። የነገረችውን ግን እኔ እነግራችኋለሁ፤ እኔን ያስማለኝ የለም። ጫኔ ብርቄን፣ የወተት ጥርሷ እንኳ ወልቆ ያላለቀላትን ልጅ፣ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ የቆላ ሽማግሌ ሊድራት ቃል ገብቷል። አንጓች እምቢ ብትል «ትንፍሽ ብትዪ ሠርጉን አስቀድመዋለሁ፤ ዳግመኛም ዓይኗን አታዪውም» አላት። ልጇን ይዛ እንዳትወጣ አማቷ ከደጃፉ አይነቃነቁም። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው በሕይወት ላለች ልጇ ነው። አፏን ብትከፍት ልጅቷ ትሄዳለች፤ ዝም ብትል እሷ ትመለሳለች፣ ልጅቷም ውሎ አድሮ መሄዷ አይቀርም።

ደምሰው ሁሉንም ሰምቶ «ከባድ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም። ያን ዕለት አንጓች ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ የሚሰማት ሰው ባታገኝ ኖሮ ጥቁሪት ውስጥ ልትገባ ቆርጣ ነበር። ይህን ለደምሰው ቁጠሩለት። ይህንንም ግን ቁጠሩበት፤ ደምሰው አንድ በሬ፣ ጫኔም አንድ በሬ ነው ያላቸው። አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ደምሰው ከጫኔ የተጣላ ዕለት በሬው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ዝምታው መሐላውን መጠበቅ ይሁን በሬውን መጠበቅ፣ እኔ ሆዱ ውስጥ ገብቼ አላየሁም።

መካከለኛው ይመኑ ደግሞ አፈ ቅቤ ነው። ለቅሶ ቤት እሱ ካልተናገረ ሐዘንተኛው የተጽናና አይመስለውም። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ትይዩ አድርጎ፣ «እህትዓለም፣ ንገሪኝ አልልሽም። የሆነው ምንም ይሁን፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ብቻ እንዴት ነሽ?» አላት።

«ደክሞኛል» አለች።

«ደክሞሻል» አለ። «አዎ፣ በጣም ደክሞሻል።»

ራሷን ነቀነቀች። ይመኑ ሌላ ቃል አላገኘም፤ አልፈለገምም። ወጥቶ በየደጁ እየዞረ «እህቴ ደክማለች፤ ምላሳችሁን ሰብስቡ» አለ። እውነትም ሐሜቱ ጋብ አለ። ሚስቱ ዘርፌ ግን ወፍጮዋ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እኔ ደክሞኛል ስለው ስንት ዓመቴ ነው! አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አይቶኝ ያውቃል?» አለች። ሳቋ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። እኔም ከዚያ በኋላ እንደ ይመኑ ያለ ቃል ስሰማ ደጅ የቆመ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ዞር ዞር ማለት ይቃጣኛል።

ታናሹ ባዬ በቅሎ ነጋዴ ነው። በቅሎ አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ስለዚህ ጆሮዋን፣ አቋቋሟን፣ ዓይኗን አይቶ ምን እንደሆነች ያውቃል። ከእህቱ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም። ምግብ ያመላልስላታል፣ ሲያስቀምጥና ሲያነሳ ያያታል፣ በቃ። የበቅሎ ቃጭል በተሰማ ቁጥር እግሯን እንደምትሰበስብ ማንም ልብ ይላል። ባዬ ያየው ሌላ ነው። ከእንጀራው ቆርሳ ትንንሽ ጉርሻ ትጠቀልላለች፤ ለትልቅ ሰው የማይሆን፣ የልጅ አፍ የሚያክል። ትጠቀልልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። በሩን ስታይም ሰው ፊት የሚሆንበትን ከፍታ አይደለም የምታየው፤ ዝቅ አድርጋ፣ የልጅ ራስ የሚደርስበትን ነው።

ባዬ ገበታውን አንስቶ ወጣ። እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ አውድማው ሲሄድ እሱ በቅሎውን ጭኖ ወደ ወንዙ ወረደ። ለማን ተናገረ? ለማንም። እህቱን ጠየቃት? አልጠየቃትም። ይህ ባዬ ልጅ የለውም፤ ሚስቱም ልጅ እንደናፈቀች አለች። እንዲህ የቸኮለው ለእህቱ ሲል ነው ወይስ ለገዛ ቤቱ፣ እሱን እናንተ አስቡት።

አውድማው ላይ ጫኔ ለሚስቱ መቀመጫ የሚሆን በቅሎ አስጭኖ ቀርቧል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ጀምበሬ አንጓችን ወደ መሃል አስጠሯት።

«ልጄ፣ ለምን ወጣሽ?»

ዝም።

«መታሽ?»

ዝም። ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች።

«ከወንድሞቿ የነገረችው አለ?» አሉ አያ ጀምበሬ።

ሰው ሁሉ ደምሰውን አየ፤ ጎጆው ውስጥ አብሯት ሲሰነብት አይተዋልና። ደምሰው መሬት መሬት እያየ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ጨበጠ። «ታናሽየውስ የት ሄደ?» አለ አንዱ። «ከጫኔ በቅሎ ተቀብሎ ይሆናላ» አለ ሌላው። ጫኔ ፈገግ አለ። አያ ጀምበሬም «እንግዲህ ልጄ፣ ተነሽና ከባልሽ ጋር ግቢ» ሊሉ ዘንጋቸውን አነሱ።

ያኔ ይመኑ ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ ምክንያት አልሰጠችም አላችሁ። ለእኔ ሰጥታኛለች። ደክሞኛል ብላኛለች። ከመካከላችሁ ሲደክመው ምስክር አምጣ የተባለ ማን አለ?» አለ። ከዚያ ስለ እናታቸው ተናገረ፣ አንጓች ልጅ ሳለች ስለነበራት ሳቅ ተናገረ። ሴቶቹ አለቀሱ። አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ጠረጉ። አንጓችም ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አንገቷን ቀና አደረገች። ይመኑ ማልቀሱን እያለቀሰ በአንድ ዓይኑ ማን ማን እንዳለቀሰ ያይ ነበር የሚሉ አሉ። ቢሆንም ንግግሩ ፀሐይዋን አዘነበለ፤ ሽማግሌዎቹም ፍርዱን ለመናገር አፈሩ።

እነሱ እንዲህ እያመነቱ ሳለ ባዬ ከች አለ። ከፊቱ በቅሎው ላይ ብርቄ ተቀምጣለች። የአንጓችን አማት «እርቅ ወርዷል፤ ልጅቷን አምጣ ተብያለሁ» ብሎ ዋሽቶ ነው ያመጣት።

አንጓች እንደ እብድ ተነሳች። ሰው ፊት ያወጣችው የመጀመሪያ ቃልም ምርቃት አልነበረም። «ማን አምጣት አለህ? ማንን ጠይቀህ ነው? ገደልክብኝ!» አለች። ፈርታ ነበር፤ ጫኔ የዛተባት ነገር ሁሉ አሁን የሚደርስ መሰላት። ባዬ ልጅቷን አውርዶ አቆማት።

ያኔ የብርቄ እጅ ታየ። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ድረስ በእንሶስላ ቀልተዋል። ሙሽራ ለሠርጓ እንደምትሞቀው፣ ያው ነው። ከሴቶቹ በኩል እሪታ ተሰማ። አያ ጀምበሬ የልጅቷን መዳፍ ይዘው ገለበጡት፣ ከዚያ ጫኔን አዩት።

«የልጆች ጨዋታ ነው እኮ» አለ ጫኔ። የሰማው የለም።

ለካ አንጓች ዝም ብትልም ጫኔ ሠርጉን አስቀድሞታል። ደምሰው ይህን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እሱ መሐላውን ሲጠብቅ ጫኔ ቃሉን አልጠበቀም ነበር። አንጓች ልጇን ጉያዋ ውስጥ ከትታ፣ ሁሉንም በገዛ አፏ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ሠርጉን አፈረሱ፣ ጋብቻዋንም አፈረሱ። ብርቄ ከእናቷ ጋር እንድትቀር ጫኔን ዋስ አስጠሩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ አንጓችና ልጇ የማን ቤት ይግቡ?

«ሆዷን የከፈተችው ለእኔ ነው» አለ ደምሰው። «አደራዋንም አልበላሁም።»

«እኔ ባልናገር ኖሮ ባዬ ሲደርስ ባዶ አውድማ ነበር የሚያገኘው» አለ ይመኑ።

«ልጇን ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለ ባዬ። «እናንተማ ተቀምጣችሁ ነበር።»

ዘርፌ ከሴቶቹ መሃል ድምጿን ከፍ አድርጋ «መሬቱ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥስ? ያኔም ሦስታችሁ ትሻሟት ይሆን?» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ሦስቱን ወንድማማቾች አየ። ማን ፈጥኖ እንደደነገጠ፣ ማን እንደቀላ፣ ማን ዓይኑን እንደሰበረ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ያወራል፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አላየም።

አንጓች ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እኔ እግዜር ይስጣችሁ ብያለሁ» አለች። «አሁን የምመርጠው ግን ለራሴ አይደለም። ይቺ ልጅ ታድጋለች። አንድ ቀን እሷም እንደ እኔ የማይነገር ነገር ይገጥማትና ዝም ትላለች። እኔ ያን ቀን ላልኖር እችላለሁ። ዝም ስትል የማን ቤት ውስጥ ሆና ይሻላታል?»

ሽማግሌዎቹ በዚህ ተጣሉ። አንዱ ምሥጢር የማይጠብቅ ቤት ቤት አይደለም አሉ። ሌላው ምሥጢር ጠብቆ ልጅ ከሚያስበላስ አሉ። ሦስተኛው፣ ሳይጠይቅ የሚያደርግ ዛሬ ልክ ቢሆን ነገ ይሳሳታል አሉ። አራተኛው ደግሞ ባሉት አልስማማም ብለው ጋቢያቸውን አንስተው ሄዱ።

«የእናቷ ጎጆ አለ አይደል?» የምትል ብልጥ እዚህ መሃል አለህ፤ አይቼሃለሁ። የዚያ ጎጆ ጣሪያ ክረምቱን አይችልም፤ ጫኔም ጠባቂ የሌለውን ደጃፍ አይስተውም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ጥሩልኝ። ስትመልሱ ቃላችሁን ብቻ ሳይሆን ፊታችሁንም አያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በሬ እንደምታቀናጁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሚስቶቻችሁ ደክሟቸው እቤት እንደተቀመጡ አውቃለሁና።

በሉ እንግዲህ፤ ብርቄ ዝም ባለች ቀን፣ ከሦስቱ በማን ጣሪያ ስር ትገኝ?