ሲንጋፖር የደረሰው ስልቻ

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ ኮሚቴ ሊመረጥ ሲል ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረግ ካደረገ ሁሉም ይስቃል። ሊተርት ያሰበውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱስ ከአያቶቻችንም በፊት ነበረ። የሰፈራችን ሰው ግን ተረቱ እንደገና የተወለደው በእኛ ዘመን ነው፣ ያውም ሲንጋፖር፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው ብሎ ይምላል። እኔም ከእናንተ አልደብቅም፣ እምላለሁ።

እትዬ የውብዳር የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ባሕር ሲያስተምሩ ኖረው ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ካርታው ላይ በዱላ እየጠቆሙ፣ «ይህ የማላካ ሰርጥ ነው። ይቺ ነጥብ የምታክለዋ ሲንጋፖር ናት። የዓለም መርከብ በደጃፏ ያልፋል» ይሉን ነበር። አንድ ቀን አንዱ የክፍላችን ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የባሕር ውኃ እውነት ጨው ጨው ይላል?»

«ይላል።»

«ቀምሰውት ያውቃሉ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም፤ ዱላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያቺ ጥያቄ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሆዳቸው አልወጣችም።

ጡረታ እንደወጡ ቁርጥ አደረጉ። «ሲንጋፖር ሄጄ ባሕሩን ሳልቀምስ አልሞትም» አሉ። ዘመድ ሳቀ፣ ጎረቤት «በዚህ ዕድሜ?» አለ። እሳቸው ግን አዲስ አበባ ወርደው ከአንድ የጉዞ ወኪል ጋር ተነጋግረው የሦስት ቀን ጉብኝት ያዙ። ይህን የሰሙ ሦስት ጡረተኛ ባልደረቦቻቸው፣ ዕቁብም አብረው የሚጥሉ፣ «ብቻሽንማ አትሄጂም፣ እኛም አለን» አሉ። እትዬ የውብዳርም ደስ አላቸው፤ ሰው መቼም ከሰው ጋር ነው የሚያምርበት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ አገር አራት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ ኮሚቴ ሳያቋቁም አይነሳም።

የቀድሞው ርዕሰ መምህር ጋሽ ደምሰው ሰብሳቢ ሆኑ። የሒሳብ አስተማሪው ጋሽ ይርዳው ገንዘብ ያዥ ሆኑ። የአማርኛ አስተማሪው ጋሽ ልሳነወርቅ ደግሞ ጸሐፊና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ተባሉ፤ ሕዝቡ ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሐሳቡን ያመነጩት እትዬ የውብዳር ተራ አባል ሆነው ቀሩ። ኮሚቴ ያለ አባል አይሆንማ።

የጉብኝቱን ዕቅድ ለማጽደቅ በጋሽ ደምሰው ቤት ብዙ ጊዜ ተሰበሰቡ። ጋሽ ይርዳው ትልልቅ የገበያ ማዕከሎችን፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ሙዚየሞችን፣ ጋሽ ደምሰው ረጃጅም ሕንፃዎችን አስገቡ። ባሕሩ «ጊዜ ከተረፈ» የሚል ተጽፎበት መጨረሻ ላይ ተንጠለጠለ።

«እኔ ለገበያ አይደለም የምሄደው» አሉ እትዬ የውብዳር። «ባሕሩ ጊዜ ከተረፈ ከሆነ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሌላ ጊዜ ለብቻዬ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ደምሰው ደነገጡ። አባል የሌለው ሰብሳቢ ሊሆኑ ነው! ወዲያው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ባሕሩ መውጣት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ የጀልባው ትኬትም በወኪሉ በኩል ተገዛ።

በመሄጃቸው ዋዜማ የጋሽ ደምሰው እናት እማማ ደብሪቱ አንድ ስልቻ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ባለቤታቸው ለንግድ አገር ላገር ሲዞሩ ስንቅ ይይዙበት የነበረ፣ ልስልስ ያለ የፍየል ቆዳ ነው። ዳቦ ቆሎና በሶ ሞልተውበታል።

«ሰው አገር ስንቅ ሳይዙ አይኬድም። ይሄ ስልቻ አባትህን አስርቦት አያውቅም» አሉ ለልጃቸው።

ጋሽ ደምሰው ሱፋቸውን አዩ፣ ስልቻውን አዩ። እናት ናቸውና እምቢ አይባልም። ጋሽ ይርዳው ግን አንድ ብልሃት ታያቸው። «ፓስፖርቱንም ትኬቱንም ስልቻው ውስጥ እንክተተው። ሌባ ቦርሳ ይሰርቃል እንጂ ስልቻ አይሰርቅም!» አሉ። ሐሳቡ ተጨብጭቦለት አለፈ።

«ታዲያ ማን ይያዘው?» አሉ እትዬ የውብዳር።

«እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው። እዚያው ስንደርስ ይታያል» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ችግር የለም፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ ስልቻ ተሸክመሽ እኛ ወንዶቹ እጃችንን እያወዛወዝን? ነውር ነው፣ የውብዳር! ሰው ምን ይለናል?»

እንግዲህ ፍረዱ። እሳቸው እንዳይዙት ነውር ሆነ። ወንዶቹ እንዳይዙት ደግሞ ሥልጣን አላቸው።

ሲንጋፖር ገቡ። ሙቀቱ ለደብረ ብርሃን ሰው የሚቻል አይደለም፤ ሦስቱ ሰዎች ግን ሱፋቸውን አላወለቁም። መጀመሪያ ስልቻውን የሆቴሉ አስተናጋጅ ተሸከመው፣ ቀጥሎ የታክሲ ሾፌር አነሳው፣ ሌላ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ተረስቶ እትዬ የውብዳር ሮጠው አወጡት። ጋሽ ደምሰው አይተው፣ «አስቀምጪው፣ አስቀምጪው፣ እኛ አለን!» አሉ። እትዬ አስቀመጡት። ያነሳው ግን የለም። በዚያ ሁሉ ግንብ ሥር ደግሞ ስብሰባ ነው፤ ወደ ግራ ይሻላል ወደ ቀኝ ይሻላል እየተባለ ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ ቀን እንዲህ አለቀ። ሥራዬ ብሎ ከተማውን ያየ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከጀልባው ሲመለሱ ወደ አገራቸው ሊበርሩ ነው። በከተማው ባቡር ወደ ወደቡ ጉዞ ጀመሩ፤ መሃል ላይ ወርዶ ባቡር መቀየር ነበረባቸው። እትዬ የውብዳር በሩ አጠገብ ቆመው ጣቢያዎቹን ይቆጥራሉ። ስልቻው ከሦስቱ ወንበር ሥር ተቀምጧል። «እዚህ ነው፣ ውረዱ!» አሉና ወረዱ። ጋሽ ደምሰው ሰብሳቢ ናቸውና እየመሩ ወረዱ። ጋሽ ይርዳው የገንዘብ ኪሳቸውን ይዘው ወረዱ። ጋሽ ልሳነወርቅ ብዕራቸውን ይዘው ወረዱ። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ስልቻውን ይዞ ሄደ።

«ፓስፖርታችን!» አሉ ጋሽ ይርዳው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዕቃው በማን ኃላፊነት ሥር ነበር?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«እኔ ገንዘብ እንጂ ቆዳ አልተረከብኩም።»

«እኔ የምጽፍ ነኝ እንጂ የምሸከም አይደለሁም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅም። «እንዲያውም የእናትህ ስልቻ ነው፣ ደምሰው።»

«አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል!»

እትዬ የውብዳር አልጠበቁም። ወደ ጣቢያው ሠራተኛ ሄደው፣ ለዓመታት ባስተማሩበት እንግሊዝኛ አስረዱ። «ቆዳ ነው። አፉ በጠፍር ታስሯል። ድሮ አራት እግር ነበረው» አሉት። ሠራተኛው ዓይኑን አፍጥጦ ስልክ አነሳ። ጥቂት ቆይቶም የባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ላይ እንደተገኘ፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እንዲወስደው ነገራቸው።

ተመልሰው ለሦስቱ አወሩ። «በጣም ጥሩ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «አሁን ተወካይ እንምረጥ።»

«እናንተ ምረጡ። እኔ ሄጃለሁ» አሉና ቀጥሎ የመጣው ባቡር ውስጥ ገቡ።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ አንዲት ዩኒፎርም የለበሱ ሴትዮ ስልቻውን ከሩቅ እያዩ ይጠብቁታል። እትዬ የውብዳር ጠፍሩን ፈትተው ፓስፖርታቸውን አሳዩ፤ ሴትዮዋ ፎቶውንና ፊታቸውን አስተያዩ። እትዬም ዳቦ ቆሎ በእፍኛቸው ሰጧቸው፣ ስልቻውን ጀርባቸው ላይ አደረጉ፣ ሕፃን እንደሚታዘል በነጠላቸው አጥብቀው አሰሩት፣ ተመለሱ።

ሦስቱ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው።

«ተነሱ፣ ከፈጠንን ጀልባው አያመልጠንም!»

«የጀልባው ጉዞ ተሰርዟል» አሉ ጋሽ ደምሰው። «በሰዓት እጥረት ምክንያት። ወስነናል።»

«ሰዓትማ አለ እኮ፣ ደምሰው።»

«ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። ጋሽ ይርዳው በበኩላቸው ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ያሻሉ።

እትዬ የውብዳር ተናደዱ። «ያን ጊዜ እንዳልጮህ የያዘኝ ባሕሩ ነው» ብለውኛል። የሦስቱን ፓስፖርት አውጥተው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። «እኔ ድምፅ አልሰጠሁም» አሉና ስልቻውን እንዳዘሉ ደረጃውን ሮጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት! ጀልባው ገመዱ ሊፈታ ሲል ደረሱ።

ባሕሩ ላይ ወጡ። መርከቦቹ እንደ ገበያ ቀን ከብት ተኮልኩለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ውኃ ብቻ ነው፣ ማለቂያ የሌለው። እትዬ የውብዳር የጀልባው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ዱላ ባይኖራቸውም በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ያ ነው፣ በዚያ በኩል ሰርጡ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ተማሪ የለም። ጀልባው ሲታጠፍ ማዕበል መጣና ፊታቸውንም ስልቻውንም ውኃ አለበሰው። ከንፈራቸውን ላሱ። ከዚያ በኋላ ያለቀሱትን ለቅሶ ለሟች ባላቸውም አላለቀሱት። «ጨው ነው! ልጆቼን አልዋሸኋቸውም!» እያሉ በአማርኛ ሲጮሁ ፈረንጁም ቻይናውም አጨበጨበላቸው።

ደብረ ብርሃን ሲመለሱ በጋሽ ደምሰው ግቢ ድግስ ተደገሰ፣ እኛ የድሮ ተማሪዎቻቸውም ተጠራን። ጋሽ ደምሰው ተነስተው ሪፖርት አቀረቡ። ጉብኝቱ በአመዛኙ የተሳካ እንደነበር፣ የባሕሩ ክፍል ግን «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ለአብዛኛው አባል ሳይፈጸም መቅረቱን አስረዱ። ስልቻው የተረሳበትን ምክንያት የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴም እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ።

እትዬ የውብዳር ብድግ ብለው ስልቻውን እማማ ደብሪቱ እግር ሥር አስቀመጡት። ቆዳው ላይ የደረቀው ጨው ነጭ በነጭ አድርጎታል። አሮጊቷ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱት፣ ቀና ብለውም ልጃቸውን አዩ።

«አንተ ምን ነበርክ?»

«ሰብሳቢ፣ እማዬ።»

«ይርዳውስ?»

«ገንዘብ ያዥ።»

«ልሳነወርቅስ?»

«ጸሐፊ። የሕዝብ ግንኙነትም።»

«ይቺስ?»

«የውብዳርማ ተራ አባል ናት።»

እማማ ደብሪቱ ስልቻውን ጎትተው እትዬ የውብዳር ጭን ላይ መለሱት። «ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» አሉ፤ ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞረው፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚስቅባትን አንዲት ቃል ተናገሩ፦ «አዬ ልጆቼ፣ ሁሉም ቃልቻ ከሆነ፣ ማን ይሸከማል ስልቻ!»