ማሙሽ ዝም እንዲል

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለምስት ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ነው የጨረስኩት።

ጎረቤታችን ትርንጎ ተረት ጽፋ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አነበበች። ተጨበጨበላት፤ ጸጉሯ ላይም ቀይ አበባ ሰኩላት። ለምን እሷ ብቻ? እኔም አንድ ተረት ልጽፍ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጥኩ። እማዬ ገበያ ሄዳለች። ገና እስክሪብቶዬን ሳነሳ ትንሹ ወንድሜ ማሙሽ ማልቀስ ጀመረ።

«ማሙሽዬ፣ ዝም በል፤ ልጻፍበት።»

«ዝም አልልም! አንቀልባዬ ላይ ድመቷ ተኝታለች። ለምን እሷ ብቻ?»

ወደ ድመቷ ሄድኩ። «አንቺ ድመት፣ ከአንቀልባው ውረጂ። ማሙሽ ዝም አልልም ብሏል፤ እኔም መጻፍ አቃተኝ።»

«አልወርድም! ፀሐይ ላይ ያለውን ጆንያ ዶሮዋ ይዛዋለች። ለምን እሷ ብቻ?»

ወደ ዶሮዋ ሄድኩ። «እትዬ ዶሮ፣ ከጆንያው ተነሺልኝ። ድመቷ ከአንቀልባው አልወርድም ብላለች፤ ማሙሽ ዝም አልልም ብሏል፤ እኔም መጻፍ አቃተኝ።»

«አልነሳም! ጎመኑን ፍየሏ ብቻዋን ትበላዋለች። ለምን እሷ ብቻ?»

ወደ ፍየሏ ሄድኩ። «እሜቴ ፍየል፣ ጎመኑን ተዪላት። ዶሮዋ ከጆንያው አልነሳም ብላለች፤ ድመቷ ከአንቀልባው አልወርድም ብላለች፤ ማሙሽ ዝም አልልም ብሏል፤ እኔም መጻፍ አቃተኝ።»

ፍየሏ እያላመጠች፣ «አልተውም!» አለች። «ያቺ ትርንጎ በአጥሩ በኩል አበባዋን ታሳየኛለች። አምጪልኝ። ለምን እሷ ብቻ?»

ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ትርንጎ ፊትማ ይብስብኛል። ቢሆንም አጥሩ ጋ ሄጄ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ በአንድ ትንፋሽ አልኩት፦ «ትርንጎ፣ አበባሽን ስጪኝ። ፍየሏ ጎመኑን አልተውም ብላለች፤ ዶሮዋ ከጆንያው አልነሳም ብላለች፤ ድመቷ ከአንቀልባው አልወርድም ብላለች፤ ማሙሽ ዝም አልልም ብሏል፤ እኔም መጻፍ አቃተኝ።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«አልሰጥም» አለች። «እኛ ቤት እኔና አክስቴ ብቻ ነን። ቀኑን ሙሉ ብጽፍ የሚጠራኝ የለም። አንቺ ግን ማሙሽን አዝለሽ ስትዞሪ በአጥሩ አይሻለሁ። ለምን አንቺ ብቻ?»

«ይሄንን አልቃሻ ነው የምትመኚው?»

«እሱኑ! ልዘለውና አበባውን ውሰጂ።»

እሺ አልኳት። አበባውን ለፍየሏ ሰጠሁ፤ ፍየሏ ጎመኑን ተወች፤ ዶሮዋ ከጆንያው ተነሳች፤ ድመቷ ከአንቀልባው ወረደች፤ ትርንጎ ማሙሽን አዘለችው፤ ማሙሽም ዝም አለ።

ግቢው ጭር አለ። እኔ ግን ዐይኔን ከትርንጎ ጀርባ ማንሳት አቃተኝ። ማሙሽ ጉንጩን ለጥፎባት ተኝቷል። እኔ ሳዝለው እንዲህ ተኝቶ አያውቅም። ለምን እሷ ብቻ?

ይቺን ተረት የጻፍኩት ያኔ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን አሁን ልናገር፦ ጽፌ እስክጨርስ ድረስ፣ ማሙሽ ነቅቶ እኔን ብሎ እንዲያለቅስ እየጠበቅሁ ነበር።