ዳልቻና ባለ አሥራ ሁለት ጭረቱ መስኮት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። እንስሳት ቤት ሠርተው በሚኖሩበት፣ መስኮትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ብርድ በሚጠናበት ደጋ ላይ ዳልቻ የሚባል ሽማግሌ በሬ ነበር።

ዳልቻ ብዙ አይናገርም። ጥጃ ሳለ ያደገው ጭቃ ባልተመረገ የእንጨት በረት ውስጥ ነው። አጠገቡ የሚተኛ ታናሽ ወንድም ነበረው። በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ ዳልቻ ተነሣ፤ ወንድሙ አልተነሣም። በዚያ በረት "ለምን?" ብሎ ለጠየቀ መልሱ ዱላ ነበር። ስለዚህ ዳልቻ ሳይጠይቅ አደገ፤ ሳይጠይቅም አረጀ።

አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ እናቷን የወሰደባት ግልገል በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ስሟ ሙዳይ ነው። "ግቢ" አላት። ገባች። በቃ፣ ልጁ ሆነች።

ሙዳይ ደረቷ ደካማ ነበር፤ ብርድ ሲነካት ታስላለች። ዳልቻ ግድግዳውን በድንጋይ አወፈረ፤ ጣራውን በሣር ደራረበ። ቤቱ ሞቀ፤ ግን ጨለመ። ግልገሏም በጨለማው መብላት ተወች።

"አያ፣ ፀሐይ የት ሄደች?"

"ውጭ ናት።"

"እኛ ቤት አትገባም?"

ዳልቻ ግድግዳውን አየ። ኅዳር ገብቶ ውርጭ ጀምሯል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። ሙዳይ ካልበላች ታኅሣሥን አትሻገርም። ብርድ ከገባባትም አትሻገርም። ብርሃን አስገብቶ ብርድ የሚከለክል መስኮት መገኘት ነበረበት።

ቅዳሜ ገበያ ወረደ። መስኮት ሻጩ ቁራ ነው። መስኮቶቹን በተርታ አቁሟቸዋል። በእያንዳንዱ ክፈፍ ላይ ጭረቶች አሉ፤ ከጭረቶቹ ሥር ደግሞ ነጥቦች አሉ።

በቀንዳሞች አገር ላም በወለደች ቁጥር ቀንዷ ላይ አንድ ቀለበት ይጨመራል። ቀለበቷ የበዛ ላም ስታልፍ ወይፈኖች መንገድ ይለቃሉ። ዳልቻም ጭረቶቹን ሲያይ እንደ ቀንድ ቀለበት ቆጠራቸው።

"እኔ ዘጠኝ አለኝ" አለ አንድ ባለ ብረት ክፈፍ መስኮት፣ ደረቱን ነፍቶ። "አንተስ፣ ሚጢጢው?"

"ሁለት" አለ ጥግ ላይ የቆመ ትንሽ ባለ እንጨት መስኮት።

"ሁለት? ይኼማ ገና ጡት አልጣለም" ብለው ሌሎቹ ሳቁበት።

ዳልቻ ባለ ዘጠኙን መረጠ። "ዕቃ ታውቃለህ፣ አያ ዳልቻ" አለው ቁራ። ዳልቻ በዋጋው ፋንታ የቁራን ገብስ ሦስት ቀን አበራየለትና መስኮቱን ወስዶ ገጠመው።

ማለዳ ላይ ውርጭ መጣ። መስታወቱን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ "ቤቶች" አለ።

"ግባ" አለ መስኮቱ። "እኔ ለእንግዳ ዘግቼ አላውቅም።"

ውርጭ ገብቶ የሙዳይን ጆሮ ያዘ። ስታስል ዋለች።

ዳልቻ አሰበ። "ዘጠኝ አልበቃም ማለት ነው" አለ። ተመልሶ የቁራን ስንዴ ሦስት ቀን አበራየና ቁራ በኋላ ያስመጣውን ባለ አሥራ ሁለት ጭረት መስኮት አምጥቶ ገጠመ።

በማግስቱ ውርጭ "ቤቶች" እንኳ ሳይል ገባ። ሙዳይ አልተነሣችም። ዳልቻ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። ትንፋሿ አለ፤ ግን ቀጥኗል። ዙሪያዋን ተጠምጥሞ ተኛና እስከ ቀትር ድረስ በትንፋሹ አሞቃት።

"አያ፣ መስኮቱን አትቆጣው" አለች። "ፀሐይን አሳይቶኛል።"

ዳልቻ ወደ ቁራ ሄደ። "ከአሥራ ሁለት የሚበልጥ አለህ?"

"የለኝም" አለ ቁራ። "ጭረቱንም የምትጭረው ኤሊ ናት። እኔ ገበያተኛ የወደደውን እሸጣለሁ እንጂ ምን አውቄ።"

ዳልቻ ኤሊ ደጃፍ ደረሰ። ቆመ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። አሁንም ከፈተ፤ ዘጋ።

"ከመጣህ ቆየህ እኮ" አለች ኤሊ። "ጠይቅ፣ ወንድሜ። እዚህ የሚመታ የለም።"

"ጭረቱ . . . ምንድን ነው?"

"እያንዳንዱን መስኮት ባዶ ጎጆ ላይ እገጥምና ውስጥ ፍም አኖራለሁ። ውርጭ በውጭ ያድራል። ጠዋት ስንት ሙቀት እንደሸሸ እለካለሁ። ብዙ በሸሸ ቁጥር ጭረት እጨምራለሁ።"

"እንግዲያ አሥራ ሁለት ማለት . . ."

"ሙቀትህን አውጥቶ ለውርጭ የሚሰጥ ማለት ነው። እንደ ቀንድ ቆጠርከው?"

"እንደ ቀንድ።"

ኤሊ አልሳቀችም። "እኔ ቀንድ ስለሌለኝ ይኼ አልታየኝም ነበር" አለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀለለው። "ነጥቡስ?"

"የሚያስገባው ፀሐይ ነው። ለእናንተ ለደገኞች ነጥብ ሲበዛ ጥሩ ነው። ባለ አንድ ጭረት መስኮትም አለኝ፤ ነጥብ ግን የለውም። እሱን ለቆላ ዘመዶቼ እልካለሁ። ለልጅህ ሁለት ጭረትና ሰባት ነጥብ ይሻላታል።"

ሦስተኛውን ራሱ አስቦ ጠየቀ። "አገጣጠሙስ?"

"ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው። በክፈፉና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃና በጤፍ ጭድ ምረገው። አለበለዚያ ጭረቴን ውሸታም ታደርገዋለህ።"

ዳልቻ ሁለቱን ትልልቅ መስኮቶች ለቁራ መልሶ ሁለት ጭረትና ሰባት ነጥብ ያለበትን ትንሹን ጠየቀ። ማንም የማይፈልገው ስለነበር ቁራ ሳያስለፋው ሰጠው፤ እንዳተረፈም ቆጥሮ ሳቀ።

"እኔን ነው?" አለ ትንሹ መስኮት።

"አንተን" አለ ዳልቻ።

ወስዶም ኤሊ እንዳለችው ወደ ፀሐይ መውጫ ገጠመው፤ ዙሪያውንም መረገው። ማለዳ ውርጭ መጣ። "ቤቶች።"

"እኔ ሁለት መስታወት ነኝ" አለ መስኮቱ በትሕትና። "በመካከሌ አንዲት አየር ተቀምጣለች። እሷን አስፈቅድ።"

"እሜቴ፣ አሳልፊኝ" አለ ውርጭ።

"ተመችቶኛል፤ አልነሣም" አለች አየር።

ውርጭ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ጭቃው ደርቋል። ደጅ እንደቆመ ፀሐይ ወጥታ አቀለጠችው። ከዚያም በመስታወቱ አልፋ ሙዳይ ጀርባ ላይ አረፈች። ሙዳይ በመጀመሪያው ቀን ዐይኗን ገለጠች። በሁለተኛው ቀን ገብስ ቀመሰች። በሦስተኛው ቀን ዘላ የዳልቻን ጉልበት በግንባሯ መታችው። እሱም ታኅሣሥን ሙሉ ስትመታው ዝም አለ።

ጥር ሲገባ አብረው ገበያ ወረዱ። አንድ አውራ በግ ባለ አሥራ ሁለቱን መስኮት ተሸክሞ እየተጀነነ ሲያልፍ አዩት። ዳልቻ ካልጠየቁት የማይናገር መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ግን መንገዱ ላይ ገብቶ ቆመበት።

"ልጆች አሉህ?"

"ሁለት አሉኝ። ምነው?"

"እንግዲያስ አውርደው።"

አውራ በጉም አወረደው። ዳልቻ ስለ ጭረቱ ነገረው። ስለ ነጥቡ ነገረው። ስለ ጭቃው ነገረው። በዚያ የሚያልፉ አንድ ወይፈንና አንዲት ፍየልም ቆመው መስማት ጀመሩ። ገበያው ተበተነ፤ ጥላ ረዘመ።

"አያ፣ አንሄድም?" አለች ሙዳይ።

"ቆይ፣ ልጄ" አለ ዳልቻ። "ፍየሏ ጥያቄ አላት።"

እኔም ተረቱን አደረስኩ፤ መያዙ የእናንተ ነው። ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ ስትመርጡ፣ ስንት እንደሆነ ከማየታችሁ በፊት ምን እንደተቆጠረ ጠይቁ።