የአቶ ይግለጡ ሐረግ

በእኛ አካባቢ ዛሬ ሕፃን ዐዋቂው የሚተርታት አንዲት አባባል ለብዙው ሰው ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስለዋለች። የለም፤ የወጣችው ቢሾፍቱ ውስጥ ከአንድ የእድር ስብሰባ ነው፤ ያወጣትም ንዴት ነው።

እትዬ ስንዱ ከችግኝ ጣቢያ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አስፋልት ዳር ችግኝ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። “እሳቸው የነኩት ይጸድቃል” ይባልላቸዋል። ደንበኛ የሚያመጣላቸው ይኸው ስም ነው፤ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አቶ ይግለጡ አስጠሯቸው። አቶ ይግለጡ ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆነው በየማለዳው የተማሪ ጥፍርና ጸጉር ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ያለው ሐረግ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ተመዞ ከታች ገመድ ብቻ ሆኗል፤ ቅጠል የቀረው ጣሪያው ሥር ነው።

“ለልጄ ሽማግሌ ሊላክ ነው፣ እትዬ ስንዱ። ይህን ራቁቱን ይዤ እንግዳ አላስገባም” አሉ።

“መቆረጥ አለበት።”

“ቆርጠው ሊገድሉት?”

“ካልተቆረጠ አይበዛም፣ ጋሽ ይግለጡ። ግንዱም ከጎን ያቆጠቁጣል፤ እንዳይጥሉት።”

እትዬ ስንዱ መቀሳቸውን በአረቄ ጠራርገው፣ ከአንጓው ዝቅ እያሉ ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል መልምለው ዘጠኝ ቁራጭ አወጡ። ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነውና አንጓውን አፈር አልብሰው ዘጠኙንም በአንድ ሰፊ ሸክላ ውስጥ አቀራርበው ተከሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ ውሃ፤ ለአንድ ወር እንዳይነካ፣ አደራ” አሉ።

“እኔን ነው አደራ የሚሉኝ?” አሉ አቶ ይግለጡ፣ ከፋ ብሏቸው። አሮጌውን ግንድ ግን ያንኑ ዕለት አውጥተው ጣሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ዘጠኙም ጠቁረው ተጋደሙ። አቶ ይግለጡም ከዳቦ ቤት ሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ፣ “የሴትዮዋ ዓይን ነው፤ መቀሷን ይዛ ስታየው ነው የጨረሰችው” እያሉ አወሩ። ችግኝ ይገዙ የነበሩ ሰዎች መንገድ ተሻግረው ሌላ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። አንዲት ደንበኛ እንዲያውም የወሰደችውን የሎሚ ችግኝ መልሳ አምጥታ አስቀምጣው ሄደች። እትዬ ስንዱ ሠላሳ ዓመት አፈር ሲምሱ ኖረው በስተርጅና ቡዳ ተባሉ! ይህ ግፍ ካልተባለ ግፍ የሚባል ነገር የለም።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ከሴቶቹ መሀል ተነሡ።

“ዳኛ፣ ስሜን የወሰደብኝ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ወይ ጥፋቴን ያሳየኝ፣ ወይ ስሜን ይመልስልኝ” አሉ።

አቶ ይግለጡ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ። “የታዘዝኩትን ሁሉ ፈጽሜአለሁ። ውሃውን በልክ፣ ብርሃኑንም በልክ።”

“አልነኩትም ማለት ነው?” አሉ የእድሩ ዳኛ።

“እንዴት ነው የማልነካው? ችላ ልበለው? በየማለዳው ዘጠኙንም አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ሥር መኖር አለመኖሩን ፈትሻለሁ። አንድም ቀን ሥር ይዞ የተገኘ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። እትዬ ስንዱ ግን አልሳቁም።

“በየማለዳው?” አሉ። “እኔ ቡዳ የተባልኩት በዚህ ነው?”

አቶ ይግለጡ አሁንም ነገሩ አልገባቸውም፤ “ተጠንቅቄ እኮ ነው መልሼ የተከልኩት” እያሉ ዳኛውን ያያሉ። ይህን ጊዜ የገዛ ሚስታቸው ወይዘሮ ንጋቷ ብድግ አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ፍተሻ እያዩ ዝም በማለታቸው ከባላቸው ይልቅ በራሳቸው ተናደው ነበር። ሄደው ከእትዬ ስንዱ አጠገብ ቆሙና፣ አንቱታውን ትተው፣ እድርተኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አሉ፦ “ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ስንዱን በክፉ የሚያነሣ እኔን ይጠይቅ፤ ሰውየው ራሱ እየነቀለ፣ አልጸደቀም አለ።”